ከሐኪም ፊት ከመቅረብ በፊት

አንባቢ ሆይ፤ በአገራችን ሰው ከሰው ሲገናኝ አስቀድሞ ደኅንነት ይጠያየቃል። «እንዴት አደርክ?» ለሚለው «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ» ብሎ መመለስ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ወግ ነው። ራሱን ያመመውም፣ ልጁን የቀበረውም፣ አዝመራውን በረዶ የመታበትም መልሱ አንድ ነው። ጠያቂውም ቢሆን ሰላምታውን እንጂ ዝርዝሩን አይጠብቅም። ይህ ወግ በገበያም በቤተ ክርስቲያን ደጃፍም ያምራል። በሐኪም ጠረጴዛ ፊት ግን ሰው ይገድላል። ቃሉ ቢከብድም እውነቱ ይኸው ነው።

ይህን የምጽፍላችሁ ሐኪም ሆኜ አይደለም። ከጉና ተራራ ሥር ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ በመዝገብ ቤት የምሠራ ደመወዝተኛ ነኝ። የስኳር ሕመም ከያዘኝ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን እወጋለሁ፤ በየሦስት ወሩም ለቀጠሮ ወደ ደብረ ታቦር እወርዳለሁ። ሥራዬ ፋይል መቁጠር ነውና አንድ ቀን ተቀምጬ ቀጠሮዎቼን ደመርኋቸው። በዓመት አራት፣ በአሥራ አንድ ዓመት አርባ አራት ጊዜ ከሐኪም ፊት ቀርቤአለሁ። በአንዱ ቀጠሮ አሥር ደቂቃ ተሰጠኝ ብንል፣ ይህም የለጋስ ግምት ነው፣ በጠቅላላው 440 ደቂቃ ይሆናል። የመንግሥት ሠራተኛ በቀን የሚሠራው ስምንት ሰዓት ግን 480 ደቂቃ ነው። እንግዲህ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ሐኪም ያየኝ ጊዜ ቢጠራቀም አንድ የሥራ ቀን አይሞላም ማለት ነው። የቀረውን ቀንና ሌሊት ሁሉ ሕመሜን ይዤ የምውለውና የማድረው እኔው ነኝ።

ወባ የያዘው ሰው ዝም ቢል እንኳ ሕመሙ ይናገርለታል። ትኩሳቱ ይለካል፣ ደሙ ይመረመራል፣ መንቀጥቀጡ ይታያል። ለዘለቄታው ከሰው ጋር የሚኖር ሕመም፣ ስኳርም ይሁን የደም ግፊት፣ አስምም ይሁን የሚጥል በሽታ፣ እንዲህ አይደለም። አብዛኛው ነገሩ የሚደርሰው ሐኪሙ በሌለበት በቤት ውስጥ ነው። ሌሊት ስንት ጊዜ ለሽንት እንደ ተነሣችሁ፣ የትኛውን ቀን መድኃኒት እንደ ዘለላችሁ፣ ከጠዋቱ በስንት ሰዓት እንዳላባችሁና እንደ ተንቀጠቀጣችሁ ሐኪሙ ከየት ያውቀዋል? የሚጥል በሽታ ያለበት ሰውማ ራሱም አያውቀው። ሲወድቅ ያየችው እናቱ ወይም ጎረቤቱ ናትና እርሷን ይዞ ካልሄደ በቀር ለሐኪሙ የሚነግረው የለውም። ስለዚህ ቀጠሮ ማለት ሐኪም ዘንድ የሚደረስበት ቀን ብቻ አይደለም፤ ምስክርነት የሚሰጥበት ቀን ነው። ምስክር ደግሞ ያየውን ሳይረሳና ሳይደብቅ መናገር አለበት።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ከእኔ ፊት አንድ ሽማግሌ ነበሩ፤ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምተው፣ ከሩቅ ቀበሌ ሌሊት ተነሥተው የመጡ ገበሬ ናቸው። ወረፋው ስለ በዛ ሁለት ሁለት ሆነን ነበር የምንገባው። ወጣቱ ሐኪም ብድግ ብሎ በአክብሮት ተቀበላቸውና «እንዴት ነዎት አባቴ?» አላቸው። «እግዜር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ ልጄ። አንተስ ደኅና ነህ?» አሉት። «መድኃኒቱን በደንብ እየወሰዱ ነው?» «አዎን፣ እንዳላችሁኝ ነው።» «የሚያምዎት ነገር የለም?» «ምን አለ፣ እርጅና ነው እንጂ።» ሐኪሙ ጻፈ፤ የቀጠሮ ወረቀት ሊሰጣቸውም እጁን ዘረጋ።

እኔ ግን ውጭ ተቀምጠን ሳለ ወሬ ጀምረን ስለ ነበር የቀኝ እግራቸው ጣት ከቆሰለ ሦስት ሳምንት እንዳለፈው ነግረውኛል። የነገሩኝም እንደ ቀላል ነገር አድርገው ነው። «አባቴ፣ እግርዎን ለዶክተሩ ያሳዩዋቸው እንጂ» አልኋቸው። ሽማግሌው አፈሩ። «ኧረ ልጄ፣ የሚሸት እግር በሰው ፊት ይገለጣል እንዴ? የመጣሁት ለስኳሩ ነው» አሉኝ። ሐኪሙ ግን ጎንበስ ብሎ ጫማቸውን በራሱ እጅ አወለቀላቸው። ያን ዕለት ወደ ቤታቸው አልተመለሱም፤ ተኙ። ከዚያ በኋላ የሆኑትን አላየሁም። ጣቱን ቢያጡም እግራቸው ይተርፍላቸው ዘንድ ግን በጊዜ ደርሰዋል ብሎ ሐኪሙ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ሽማግሌው የዋሹ ይመስላችኋልን? ፈጽሞ አልዋሹም። የተጠየቁት ሰላምታ መስሏቸው እንደ ጨዋ ሰው ሰላምታ መለሱ። ቁስሉም ከስኳሩ ጋር ዝምድና ያለው አልመሰላቸውም። ስኳር ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ሲቆይ የእግርን ጅማት እያደነዘዘ ይሄዳልና እሾህ ቢወጋ፣ ጠጠር ቢፈትግ አይሰማም። በእኛ ደጋ ደግሞ አንድ ሌላ አደጋ አለ። የጉና ውርጭ በሚወርድበት ማታ ሰው ሁሉ እግሩን ወደ ምድጃው ይዘረጋል። ጤነኛው ሲፈጀው ይሰበስባል፤ የደነዘዘው ግን ቆዳው እስኪላጥ ድረስ ይሞቃል። ጠዋት ውኃ የቋጠረ እግር ሲያይ «ምን ነካኝ?» ይላል። ይህን ለሐኪም መንገር የስኳርን ነገር መንገር ነው። ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ሁሉ ባትጠየቁም እግራችሁን አሳዩ። የሚሸት ከሆነ እንዲያውም አስቀድማችሁ አሳዩ።

እንግዲህ ስለ ዝግጅቱ ልናገር። የእኔ ዋና መሣሪያ አንዲት ትንሽ ደብተር ናት። የመዝገብ ቤት ሰው በመሆኔ ወረቀት እንደሚጠፋ ከሌላው ሰው ይልቅ አውቃለሁ። ፋይል በስሕተት ከሌላ ፋይል ጋር ይታሰራል፣ የካርድ ቁጥር ይደበዝዛል፣ የአባት ስም በአንድ ፊደል ተለውጦ ይጻፋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው እንደ አዲስ በሽተኛ «ሕመምዎ ከጀመረ ስንት ጊዜ ነው?» ተብሎ ይጠየቃል። ስለዚህ ሕክምና ቤቱ የሚያስቀምጠው ካርድ እንደ ተጠበቀ ሆኖ የራሴን ግልባጭ በቤቴ እይዛለሁ። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ሕመሙ የጀመረበት ዓመት፣ የካርድ ቁጥሬ፣ የመድኃኒቶቼ ስምና መጠን፣ የማይስማማኝ መድኃኒት፣ በድንገት ብወድቅ የሚጠራ ሰው ስልክ አለ። ከዚያ ቀጥሎ በየቀኑ አንድ መስመር እጽፋለሁ። አንድ መስመር ብቻ! ብዙ ለመጻፍ የተነሣ ሰው በሳምንቱ ይተወዋል።

የስኳር መለኪያ ያለው ሰው ቁጥሩን ይጽፋል። ለብዙዎች ከምግብ በፊት ከ80 እስከ 130 መሆኑ መልካም ነው ይባላል፤ ከ70 በታች ሲወርድ ግን አደጋ ስለ ሆነ ወዲያው ጣፋጭ ነገር መቅመስ ይገባል። የእናንተን ልክ ግን ሐኪማችሁ ይንገራችሁ። መለኪያ የሌለውስ? እርሱም የሚጽፈው አያጣም። ሌሊት የተነሣበትን ብዛት፣ የውኃ ጥሙን፣ ያላበውንና ያዞረውን ሰዓት ይጻፍ። በደንብ የማይጽፍ ወላጅ ካላችሁ ልጆቹ ይጻፉለት። እኔ የማውቃት አንዲት እናት ሌሊት በተነሡ ቁጥር አንድ ፍሬ ባቄላ በብርጭቆ ውስጥ ይጥላሉ፤ ጠዋት የልጅ ልጃቸው ቆጥሮ ይጽፋል። ከዚህ የበለጠ ምን መዝገብ ይፈለጋል?

ተማሪዎች የሆናችሁ አንባቢዎቼ የፈተና ዋዜማ ጥናትን ታውቁታላችሁ። በሽተኞችም እንደዚሁ እናደርጋለን። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው እንጀራውን ቀነስ፣ ሻዩን ያለ ስኳር፣ መርፌውን በሰዓቱ! በቀጠሮው ቀን የደሙ ስኳር ደኅና ሆኖ ይገኝና ሐኪሙ «ጎበዝ» ይላል። ነገር ግን ሂሞግሎቢን ኤ ዋን ሲ የሚባል ሌላ የደም ምርመራ አለ፤ ይህን ምርመራ ዋዜማ በማጥናት ማለፍ አይቻልም። ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ያህል ይኖራል፤ በዚያ ዕድሜው ውስጥ የተጣበቀበት ስኳር ይለካልና ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ይመሰክራል። ይህ ምርመራ በየስፍራው አይገኝም። በማይገኝበት ስፍራ የሐኪሙ ዓይን የእናንተ ደብተር ብቻ ነው። የሦስት ቀን ጨዋነት አሳይቶ ሐኪሙን ማስደሰት ማን ላይ መቀለድ እንደ ሆነ እናንተው ፍረዱ።

ከደብተሩ ጋር አንድ ዘንቢል ወይም ቦርሳ ይዘጋጅ። በውስጡም በቤት ያለው መድኃኒት ሁሉ ከነጠርሙሱና ከነካርቶኑ ይግባ። «ነጯ ክኒን፣ ያቺ ክቧ» የሚባል መግለጫ ለማንም አይጠቅምም፤ ነጭና ክብ ያልሆነ ክኒን ስንት ነው? መርፌያችሁንም ያዙ። በየቤታችን የሚገኘው ኢንሱሊን በአንድ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ያለበት ነውና መርፌው ላይ ያለው መስመር ከዚህ ጋር መስማማቱን ነርሷ አይታ ታረጋግጥላችሁ። እንዴት እንደምትቀዱትም በፊቷ ቀድታችሁ አሳዩ። እንደ ወተት ነጣ የሚለው ኢንሱሊን በሁለት መዳፍ መካከል ቀስ ተደርጎ ይንከባለላል እንጂ እንደ ጠላ ብርሌ አይናጥም። ይህን በትክክል የሚያደርግ ሰው ከምታስቡት ያነሰ ነው።

ምግብም አትርሱ። «ጾምህን ና» ከተባላችሁ ከማታው እራት ወዲህ ስምንት ሰዓት ያህል ሳትበሉ ትሄዳላችሁ ማለት ነው። የእኛ አገር መንገድ ግን የታወቀ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት መናኸሪያ የደረሰ ሰው መኪናው እስኪሞላ 1 ሰዓት ተኩል ይሆንበታል፤ ካርድ አውጥቶ ደም ሲሰጥ 4 ሰዓት ያልፋል። በዚህ መካከል እንደ ልማዱ ከቤቱ ኢንሱሊኑን ወግቶ የወጣ ሰው በወረፋው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የጠዋቷን መርፌ ምን ላድርጋት ብላችሁ ባለፈው ቀጠሮ መጠየቅ ነበረባችሁ፤ ካልጠየቃችሁ ጤና ጣቢያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የሁሉም መድኃኒት አንድ ስላይደለ መልሱም አንድ አይደለም። እኔ ኢንሱሊኔንና ቁርሴን ይዤ እሄዳለሁ፤ ደም እንደ ሰጠሁ ወግቼ እበላለሁ። በኪሴም ከረሜላ አይጠፋም። አንድ ጊዜ በአውቶቡስ ውስጥ ከረሜላ ስልስ አጠገቤ የነበሩ እመቤት «ይህን የሚያህል ሰው!» ብለው ታዝበውኛል። ታዘቡኝ እንጂ አልወደቅሁም።

አሁን ወደሚከብደው ነገር እንምጣ፤ ይኸውም የምንደብቀው ነው። አበው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኛ ግን ሐኪም ይቆጣናል ብለን ስንቱን እንደብቃለን። ጸበል ገብተን መርፌውን ለሁለት ሱባኤ እንደ ተውን፣ ከገበያ የተገዛ ሥር ቀቅለን እንደ ጠጣን፣ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደ ጾምን፣ ለሠርግ ሄደን አረቄ እንደ ቀማመስን አንናገርም። ከሁሉም የበለጠ የምንደብቀው ግን ገንዘብ ማጣታችንን ነው። «ኢንሱሊኑ እንዲቆይልኝ ግማሽ ግማሽ እወጋለሁ» ብሎ ለሐኪም መናገር ለደመወዝተኛ ሰው ሞት መስሎ ይታየዋል። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። ሐኪሙ ሙሉውን እየወጋችሁ ስኳሩ ያልወረደ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። በወሩ መጨረሻ ደመወዝ ስትቀበሉ አዲሱን ሙሉ መጠን ትወጋላችሁ፤ በዚያች ሌሊት ስኳራችሁ ከልክ በታች ይወርዳል። የደበቃችሁት ጥቂት ብር በሕይወታችሁ ተመነዘረ ማለት ነው።

ስለ ጾም እንደ ሆነ ጉዳዩን ለሁለት ሰው መንገር ይገባል፤ ለሐኪምና ለንስሐ አባት። የንስሐ አባት በሽተኛን የማቃለል ሥልጣን አላቸው፤ ሐኪሙም ጿሚ መሆናችሁን ካወቀ የመርፌውን ሰዓትና መጠን ያስተካክላል። ሁለቱ ሳይሰሙ በመካከል የምትጎዱት እናንተ ናችሁ። ጸበልም ቢሆን እየጠጡ መድኃኒት መውሰድን የሚከለክል አባት እኔ አልገጠመኝም፤ የሚከለክል ቢገጥማችሁ ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ መርፌያችሁን አትጣሉ።

አንዳንድ ሰው ከሳ ያለ ገበሬ ስኳር አለበት ሲባል ይስቃል። «ስኳር የሀብታም በሽታ አይደለምን?» ይላል። በእኛ አገር ይህ አባባል ብዙ ወጣት ሳይታወቅለት እንዲሞት አድርጓል። የጎንደር ሐኪሞች ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 በታተመ ጽሑፋቸው ኢንሱሊን ከሚያስፈልጋቸው የገጠር በሽተኞች ብዙዎቹ ድሆችና ከሲታ መሆናቸውን ገልጠው፣ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ የስኳር ዓይነት ይኖር እንደ ሆነ ጉዳዩ እንደገና ይታይ ብለው ነበር። ይህን ዓይነት የዓለም የጤና ድርጅት በ1985 በስኳር ዓይነቶች ዝርዝር አስገብቶት በ1999 አውጥቶት ነበር። ዓለም አቀፉ የስኳር ሕመም ፌዴሬሽን ደግሞ በ2025 በባንኮክ ጉባኤው አምስተኛው ዓይነት ብሎ ተቀበለው። ክርክሩ የሊቃውንት ነው፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው። በልጅነታችሁ ረኃብ አግኝቷችሁ ከነበረ፣ ከሳችሁ ሳለ ስኳር ጀምሯችሁ ከሆነ፣ ይህም ከታሪካችሁ አንዱ ክፍል ነውና ለሐኪሙ ይነገር። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር ለሐኪም ይነገራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ አንድ ሐኪም ራሱ ጠይቆኝ ነው ደብተሬ ላይ የሰፈረው።

ስለ ቀን አቆጣጠርም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም፤ የመዝገብ ቤት ሰው ነኝና። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የሚታተመው የማለቂያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። እኛ 2018 ዓ.ም. እያልን ሳለ ጠርሙሱ ላይ ስድስተኛው ወር 2026 የሚል ያየ ሰው «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብሎ በሣጥኑ ያስቀምጠዋል። እርሱ ግን የሚያልቀው በዚያው በ2018 በሰኔ ወር ነው። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያሰበውም መሃይም አልነበረም፤ ዲፕሎማ ያለው ሰው ነው። የቀጠሮ ወረቀት ሲሰጣችሁም ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደ ተጻፈ ጠይቁና ከአጠገቡ ዕለቱን፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ብላችሁ፣ በእጃችሁ ጻፉበት።

ከቀጠሮ አንድ ሳምንት በፊት ደግሞ ቆጠራ ይደረግ። አንድ ጠርሙስ ኢንሱሊን 10 ሚሊ ሊትር ነው፤ ይህም 1000 ዩኒት ይሆናል። በቀን 30 ዩኒት የሚወጋ ሰው በ90 ቀን 2700 ይፈልጋልና ሦስት ጠርሙስ ይበቃው ይመስላል። አይበቃውም። የተከፈተ ጠርሙስ እንደ ዓይነቱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ነው የሚያገለግለው። አራት ሳምንት ብቻ የሚቆየው ከሆነ በ28 ቀን 840 ዩኒት ተወግቶ የቀረው 160 ይጣላል፤ ስለዚህ ለሦስት ወር አራት ጠርሙስ ያስፈልጋል። ይህን ሒሳብ ይዛችሁ ግቡ። ሐኪሙ ሲጽፍ «ዶክተር፣ እስከ ቀጠሮዬ አራት ያስፈልገኛል» ማለት ድፍረት አይደለም።

ለምን ይህን ያህል ስለ ቆጠራ አስጨንቃለሁ? እኛ ደቡብ ጎንደሮች መንገድ መዘጋት ምን እንደ ሆነ ስለምናውቅ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ላይ ጋይንትና ነፋስ መውጫ ደርሶ፣ ደብረ ታቦርም በከባድ መሣሪያ ተመትታ ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት መኪና የማይንቀሳቀስባቸው ቀናት ብዙ ሆነዋል። መንገድ ሲዘጋ ነጋዴው ይከስራል፣ ተማሪው ትምህርት ያልፈዋል፤ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ግን ቀኖቹን በጠርሙሱ ይለካል። ኢንሱሊን ከተገኘ ገና መቶ ዓመት ጥቂት ቢያልፈው ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በጥር 1922 በቶሮንቶ ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወጋው ልጅ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በፊት እንደ እኔ ያለው ሁሉ ይሞት ነበር። መንገድ በተዘጋ ቁጥር እኛ ከ1922 በፊት ወዳለው ዘመን ልንመለስ አንድ ጠርሙስ ነው የሚቀረን። ስለዚህ የሚቻለው ሰው የአንድ ወር መጠባበቂያ በቤቱ ይኑረው፤ ሐኪሙንም መንገድ ቢዘጋ ምን ላድርግ፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ላግኝ ብሎ በሰላሙ ቀን ይጠይቅ።

መጠባበቂያውን ለማስቀመጥ ማቀዝቀዣ ከሌለ የሸክላ ነገር ይረዳል። አንዱን ትንሽ የሸክላ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው አሸዋ መሙላትና አሸዋውን ውኃ ማጠጣት ነው፤ ውኃው ሲተን ውስጡን ያቀዘቅዘዋል። ይህ ለፎገራና ለደራ ቆላማ ስፍራ የበለጠ ያስፈልጋል። 2700 ሜትር ያህል ከፍታ ላላት ለደብረ ታቦር ሙቀቱ አያስቸግርም። ከዚያም በላይ ላለው ለጉና ሰው እንዲያውም የሚያስፈራው ብርዱ ነው፤ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራምና ውርጭ ከሚያገኘው ግድግዳ አርቁት።

ለወላጆቻችሁ ደግሞ ሌላ ወረቀት አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ሲጀመር ከመካከላቸው አንዷ የእኛዋ ፎገራ ነበረች። መድኑ ለገበሬውና ደመወዝ ለሌለው ሰው የታሰበ ነው። በየዓመቱ ይታደሳል፤ ከጤና ጣቢያም የመላኪያ ወረቀት ሳይዝ በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል የሄደ ሰው ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። አባትና እናታችሁን በአውቶቡስ ከማሳፈራችሁ በፊት የመድኑ ደብተር መታደሱን፣ ወረቀቱም ማኅተም ያለበት መሆኑን ተመልከቱ። ማኅተም የሌለው ወረቀት ይዞ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር የደረሰ ሰው ተመልሶ ማኅተም ፍለጋ ሲመጣ ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም።

እናንተ ደመወዝተኞችም ከሐኪሙ ክፍል ሳትወጡ ለመሥሪያ ቤታችሁ የሚሆነውን የሕክምና ማስረጃ ጠይቁ። በማግሥቱ ለእርሱ ብቻ መመለስ ሌላ የሥራ ቀን ያስበላል። ሕመሙን ከአለቃና ከባልደረባ መደበቅ የሚሻል የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ፤ ጋብቻም ይከለክላል ብለው ይፈራሉ። ለሁሉም ንገሩ አልልም። አጠገባችሁ ለሚቀመጥ አንድ ሰው ግን ንገሩ። ስኳር ሲወርድ ሰው እንደ ሰካራም ይንገዳገዳልና፣ የሚያውቅ ሰው ከሌለ ከረሜላ በመስጠት ፈንታ ከቢሮ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

በሐኪሙ ፊት ስትቀመጡ ሰላምታውን እንደ ወጉ መልሱ፤ እኔም እመልሳለሁ። «እግዚአብሔር ይመስገን ዶክተር» ካልሁ በኋላ ግን ደብተሬን ገልጬ «ካለፈው ቀጠሮ ወዲህ ሦስት ነገር አለኝ» እላለሁ። ከሦስት አይበልጥም፤ ከሁሉ የሚያስፈራኝንም አስቀድማለሁ። ብዙ ሰው ዋናውን ነገር የሚናገረው የበሩን እጀታ ከያዘ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ቀጣዩ ሰው ገብቶ ቆሟል። የዓይን ምርመራ በዓመት አንድ ጊዜ፣ የሽንትና የኩላሊት ምርመራም እንዲሁ ሊደረግ ይገባልና ከተረሳ እኔ አስታውሳለሁ። መጠኑ ከተለወጠ አዲሱን ቁጥር ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ፤ «ጠዋት 20፣ ማታ 10» እላለሁ፤ እርሱም «አዎ» ሲል እጽፋለሁ። ሐኪሙ ቢቸኩልም በዚህ የተቆጣኝ የለም። አንድ ጊዜ በአንድ ስፍራ አንድ የመድኃኒት ሠራተኛ ሌላ ቁጥር ጽፎ ሰጥቶኝ ያዳነኝ ይኸው ነው።

የሚመጣው ቀጠሮዬ በኅዳር ነው። በደብተሬ ላይ ሦስቱ ጥያቄዎች ተጽፈዋል። አንደኛው ከአንድ ወር ወዲህ የግራ እግሬ አውራ ጣት መርፌ ሲነካው እንደ ሌላው ስላልተሰማኝ ነው። ሁለተኛው ስለ ዓይኔ ነው፤ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር እንዲልኩኝ እጠይቃለሁ። ሦስተኛው ስለ መጠባበቂያ ጠርሙስ ነው። ቦርሳዬን ከዋዜማው እሰናዳለሁ፤ ተራዬ ደርሶ ስሜ ከመጠራቱ በፊትም የግራ ካልሲዬን አወልቃለሁ።